በሁለት ስም የተቀዳ ደም

«ዘመዳሞች ናችሁ እንዴ?»

የላቦራቶሪ ባለሙያዋ መነፅሯን ግንባሯ ላይ ሰቅላ አንዴ ፌንጣን፣ አንዴ ሎጋን ታያለች። ጠረጴዛዋ ላይ ሁለት የደም ምርመራ ውጤቶች ጎን ለጎን ተዘርግተዋል። በአንደኛው ላይ የፌንጣ ስም፣ በሌላኛው ላይ የሎጋ ስም ተጽፏል።

ፌንጣ መልስ ስታምጥ ሎጋ ዓይኗን በጨው አጥባ ቀደመቻት። «አዎ! የአክስቴ ልጅ ናት።»

የአክስቴ ልጅ! ሁለቱን የሚያዛምዳቸው ነገር ቢኖር ከአራተኛ ክፍል ጀምሮ አንድ ዴስክ ላይ መቀመጣቸውና በትምህርት ቤቱ የመረብ ኳስ ቡድን አብረው መጫወታቸው ነው። ለመልክማ ማን ይመሰክርላቸዋል? አንዷ ከመርዘሟ የተነሳ እውነተኛ ስሟ ተረስቶ ሎጋ ተብላ የቀረች፤ ሌላዋ ደግሞ ቁመቷ የጓደኛዋ ብብት ስር የሚያልቅ፣ ኳስ ስታይ ግን እንደ ስሟ የምትዘል ፌንጣ።

«እኔም ጠርጥሬ ነበር!» አለች ባለሙያዋ ደስ ብሏት። «ስንት ዘመን ደም ሳይ ኖሬ እንዲህ ቁርጥ አንድ የሆነ ነገር አይቼ አላውቅም። ቁጥሮቹን ለተመለከተ መንታ ናችሁ።»

መንታ ቢመስሉ ምን ይገርማል? ሁለቱም የፌንጣ ደም ነው።

ነገሩ የተጠነሰሰው ባለፈው ሳምንት ነው። አሰልጣኙ «ደሙን ሳይመረመር ሜዳ የሚረግጥ ተጫዋች አይኖርም» ብለው ስለወሰኑ የክሊኒኩ ሰዎች ትምህርት ቤት ድረስ መጡ። ፌንጣ ጠዋት ተራዋን ጠብቃ ግራ እጇን ሰጥታ ወጣች። ገና በሩን ሳታልፍ ሎጋ ወደ ኮሪደሩ ጥግ ጎትታ ወሰደቻት። ፊቷ አመድ መስሏል።

«መርፌ ሳይ ነፍሴ ነው የምትወጣው። ከሰዓት በኔ ስም ግቢልኝ፣ በናትሽ!»

«አብደሻል? የሰው ደም በሰው ስም?»

«ደም ደም ነው አቦ! ቀይ እስከሆነ ድረስ ምን ልዩነት አለው? ሁለታችንም ጤነኛ ነን።»

ፌንጣ ጓደኛ ሲለምናት እምቢ ማለት አይሆንላትም። ከሰዓት የሎጋን ጃኬት ደርባ ገባች። ተረኛው ሌላ ሰው ነበር፤ ቀና ብሎም አላያት። የነገረችውን ስም ብልቃጡ ላይ ጻፈና ከቀኝ እጇ ቀዳ። ሁለቱ ጓደኛሞች እየተሳሳቁ ወደ ክፍል ገቡ፤ ያለቀ የደቀቀ ጉዳይ መስሏቸው።

አሁን ግን ይኸው ተጠርተው ክሊኒክ ተቀምጠዋል።

«በመጀመሪያ አትደንግጡ» አለች ባለሙያዋ፣ በብዕሯ ጫፍ ወረቀቱን እየነካች። «ይቺ ቁጥር የቀይ የደም ሴሎቻችሁ ብዛት ናት። ከተለመደው በላይ ወጥታለች። ይቺኛዋ ደግሞ ሄሞግሎቢን ናት፤ ኦክስጅን ተሸክሞ የሚያዞረው እሱ ነው። እሷ ከተለመደው ትንሽ ወርዳለች።»

ፌንጣ መፍራት ነበረባት። ፈርታም ነበር፤ ግን ጥያቄዋ ከፍርሃቷ ቀድሞ ወጣ። «ቆይ ቆይ፤ ሴሎቹ በዝተው ሄሞግሎቢኑ እንዴት ያንሳል? ተሸካሚ ሲበዛ ሸክሙም አይበዛም እንዴ?»

ባለሙያዋ ብዕሯን አስቀመጠች። እንዲህ ብሎ የሚጠይቃት ሰው ከጠፋ የሰነበተ ይመስላል። «ጎሽ! በይ እዚህ ጋ እዪ። ይቺ የአንዷ ሴል መጠን ናት። በጣም ትንሽ ናት። አምስት ሰው በባልዲ፣ ስድስት ሰው ደግሞ በብርጭቆ ውሃ እየቀዳ በርሜል ቢሞላ፣ ማን ይቀድማል?»

«ባለ ባልዲዎቹ ናቸዋ!»

«እንግዲህ የእናንተዎቹ በብርጭቆ የሚቀዱት ናቸው። ሰውነት ደግሞ ሞኝ አይደለም። ሴሎቹ ትንንሽ ሆነው ሲያስቸግሩት ‹እንግዲያውስ አበዛቸዋለሁ› ይላል። ለዚህ ነው ቁጥሩ የወጣው።»

ሎጋ ስልኳን በጉልበቷ መሃል ደብቃ እየነካካች ነበር። ፌንጣ ግን ወንበሯን ወደ ጠረጴዛው አስጠጋች። «ይታያሉ? ማለቴ፣ ማየት ይቻላል?»

ባለሙያዋ ሳቀችና ከመስኮቱ አጠገብ ወዳለው ማይክሮስኮፕ ወሰደቻት። በመጀመሪያ የሌላ ሰው ደም አሳየቻት፤ ሞላ ሞላ ያሉ፣ መሃላቸው ትንሽ ገረጣ ያለ ክቦች፣ ሁሉም አንድ ልክ። ቀጥላ የፌንጣ ደም የተቀባበትን ስስ መስታወት፣ ስላይዱን፣ አስገባች። ፌንጣ ትንፋሿን ያዘች። ክቦቹ ጥቃቅን ናቸው፤ ዳር ዳራቸው ብቻ ቀልቶ መሃላቸው ነጣ ያለ። አንዳንዶቹ መሃል ላይ ደግሞ ማን እንዳስቀመጣት የማትታወቅ ቀይ ነጥብ አለች።

«ይቺ ነጥብ ምንድን ናት?»

«የሴሏ ሽፋን ከያዘችው ስለሚሰፋ መሃሏ ሰብሰብ ሲል የሚታይ ነው። ዒላማ ትመስላለች አይደል?»

«እንዴ! ሕይወቴን ሙሉ በውስጤ ሲዞሩ ኖረው ሳላያቸው!» አለች ፌንጣ። ዓይኗን ከማይክሮስኮፑ ማንሳት አልፈለገችም። ባለሙያዋ ሦስተኛውን ስላይድ አስገብታ «ይሄ ደግሞ የአክስትሽ ልጅ» ስትላት ግን ቀና ብላ መልሳ ጎንበስ አለች። ያው ጥቃቅን ክቦች፣ ያችው ነጥብ። የምታየው ራሷን ነው፤ በሰው ስም።

ወደ ወንበራቸው ሲመለሱ ባለሙያዋ ቀሪውን ነገረቻቸው። ሴል የሚያንሰው አይረን የሚባለው የብረት ንጥረ ነገር ሲጎድልም ነው፤ ያኔ ግን ብዙውን ጊዜ ብዛቱም አብሮ ይወርዳል። የእነሱ ወጥቷል። ስለዚህ ታላሴሚያ የሚባለውን የደም ችግር ከወላጅ ወርሶ መሸከም ሳይሆን አይቀርም። መሸከሙ ብቻ በሽታ አይባልም፤ ሰው ዕድሜውን ሙሉ ሳያውቀው ይኖራል። ለማረጋገጥ በዚሁ በተቀዳው ደም ሌላ ምርመራ ይሠራል። እስከዚያው ማንም የአይረን ክኒን ግዙ ቢላቸው እንዳይቀበሉ።

«ወላጆቻችሁም ይምጡና ልያቸው። ይሄ ነገር ከእናት ወይም ከአባት ነው የሚወረስ። ለመሆኑ ድካም አለ? ደረጃ ስትወጡ ትንፋሽ ያጥራችኋል? በረዶ መቆርጠምስ ያምራችኋል? አይረን የጎደለው ሰው በረዶ በረዶ ይለዋል።»

«እኔ የለም» አለች ፌንጣ።

«እኔም ምንም» አለች ሎጋ።

ፌንጣ ዞራ አየቻት። ምንም? ታዲያ ከሰሞኑ ከሱቁ ማቀዝቀዣ በረዶ እየለመነች እንደ ከረሜላ የምታንቀጫቅጨው ማን ሆና ነው? ሎጋ ግን ዓይኗን አሸሸች። ባለሙያዋ «እንግዲያውስ መጫወት ትችላላችሁ» ስትል ሎጋ ብድግ ብላ የባለሙያዋን እጅ ሳመች።

ማታውን ፌንጣ ለእናቷ ሁሉንም ነገረቻት፤ ያችን አንዷን ነገር ብቻ አስቀርታ። እናቷ ልብስ ሰፊ ናት። የስፌት መኪናዋን አቁማ፣ ክር በጥርሷ እንደያዘች ሰማቻትና በሳቅ ፈረሰች።

«ትንንሽና ብዙ! ወይ ጉድ! አንቺንም ወንድሞችሽንም ሳረግዝ ‹ደም አንሶሻል› እያሉ ስንቱን ክኒን አስዋጡኝ መሰለሽ? ሆዴ ደረቀ እንጂ ደሜ ንቅንቅ አላለም። ከኔ ነው የወሰድሽው ማለት ነው። ይቅርታ ልጄ፣ ሌላ የማወርሰው አጥቼ ነው።»

በማግሥቱ እናቷ ተመረመረች። ውጤቷ ያው ሆነ፤ ትንንሽና ብዙ። ፌንጣ ይሄን ስታውቅ የሆነ ሙቀት ተሰማት። ከእናቷ የወረሰችው አፍንጫዋን ብቻ ይመስላት ነበር።

ሎጋ ቤት ግን ሌላ ዓለም ነው። ሎጋ ወሬውን ያመጣችው ወደ ሦስተኛ ፎቅ ክፍላቸው ሲወጡ ነበር።

«ቤታችን ጦርነት ነው! አባቴ ‹በኔ ወገን ደም ይተርፋል እንጂ አያንስም› ይላል። እናቴ ‹እንግዲያው እኔ ነኛ የትንንሾች ዘር!› ብላ ረጅም ቁመቷን እያሳየች…» ሎጋ ሳቋን ሳትጨርስ የደረጃውን ብረት ይዛ ቆመች። ትንፋሿ ቁርጥ ቁርጥ አለ።

«ምን ሆንሽ?»

«ምንም። ሰምተሻል እኮ፤ ሴሎቼ ትንንሽ ናቸው።»

ፌንጣ ክው አለች። ግራ ቀኝ አየችና ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «ሴሎችሽ? አንቺ ልጅ፣ እነዚያ የኔ ናቸው! ያንቺን ማንም አላየውም!»

ሎጋ ደረጃው ላይ ቁጭ አለች። ተማሪዎች እያለፏቸው ይወጣሉ። መጨረሻ ላይ ሎጋ የጫማዋን ማሰሪያ እየፈታችና እያሰረች ተናገረች።

«መርፌ አልፈራም።»

«እና?»

«ውጤቱን ነው የፈራሁት። የወር አበባዬ ከመጣ አይሄድም፤ በጣም ነው የሚፈሰኝ። ከተቀመጥኩበት ስነሳ ዓይኔ ይጨልማል። ቢመረምሩኝ ‹አትጫወችም› እንደሚሉኝ አውቃለሁ። የፍጻሜው ጨዋታ ደግሞ ቅዳሜ ነው። ከዛ በኋላ እመረመራለሁ፤ እሺ? ማይልኝ።»

«ምን ቆርጦኝ! እየታመምሽ እኮ ነው።»

«ብትናገሪ አሰልጣኙ ሁለታችንንም ያባርሩናል። ታውቂያቸዋለሽ፤ በሕክምና ወረቀት ላጭበረበረ ይቅርታ የላቸውም። ማይልኝ!»

ፌንጣ አልማለችም። እምቢም አላለች። «ሆድ ይፍጀው» ብላ ዝም አለች እንጂ፣ ያን ቀን ሙሉ ትምህርት የሚባል ነገር በጆሮዋ አልገባም። አንድ ነገር ብቻ ነው የሚመላለስባት። ሎጋ እውነት አይረን ጎድሏት ከሆነ የሚያድናት ያ ክኒን ነው። ክኒኑን እንዳትወስድ የሚከለክላት ደግሞ የፌንጣ ደም ነው። ለጓደኛዋ ውለታ የዋለች መስሏት፣ መድኃኒቷን ነጥቃታለች።

ሐሙስ ከትምህርት በኋላ የሎጋ ወላጆች ውጤታቸውን ሊሰሙ ክሊኒክ መጡ። ፌንጣም የሁለተኛ ምርመራዋን ወረቀት ልትወስድ ሄዳ ነበርና ከሎጋ ጋር ኮሪደሩ ላይ ያለው አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀመጠች። ሎጋ ወላጆቿ እስኪወጡ በጨዋታው ላይ ማን ከፊት እንደሚሰለፍ ታወራለች። የላቦራቶሪው በር ገርበብ ብሎ ስለነበር የውስጡ ንግግር ጥርት ብሎ ይሰማል።

«የሁለታችሁም ቀይ የደም ሴሎች ጤነኛ ናቸው» አለች ባለሙያዋ። «መጠናቸውም ብዛታቸውም ልክ ነው።»

«አላልኩሽም?» አሉ የሎጋ አባት ለባለቤታቸው፣ በኩራት። ቀጥለው ግን «እኔ እንጃ፣ ከእናት ወይም ከአባት ነው የሚመጣው ብላችሁን አልነበረም?» ሲሉ ኩራቱ ከድምፃቸው ጠፍቶ ነበር።

«ብያለሁ። ለዚህ ነው የገረመኝ። እንግዲህ ናሙናው ላይ ስህተት ሳይኖር አይቀርም። ልጅቷን ድጋሚ እንቀዳታለን።»

«ስህተት ካልሆነስ?»

በክፍሉ ውስጥ ወንበር ተንቋቋ። «ምን ለማለት ነው?» አሉ የሎጋ እናት፤ ቀስ ብለው፣ በጣም ቀስ ብለው። «እስቲ ደግመህ ተናገረው።»

አባት አልደገሙትም። መድገምም አላስፈለጋቸውም። ባለሙያዋ «ኧረ እባካችሁ፣ በአንድ ወረቀት እንዲህ ያለ ነገር አይታሰብም» እያለች መለመን ጀመረች። ሰሞኑን በቁመታቸው ይቀልዱ የነበሩት ሴት ግን ድምፃቸው ጠፋ።

አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ ማለት ይሄ ነው። ፌንጣ ፊቷ ሲግል ተሰማት። ከጓደኛዋ ጋር የተሳሳቁበት ነገር በሩን አልፎ ገብቶ ሁለት ትልልቅ ሰዎች መሃል ተቀምጧል። አንዲት ምንም ያላጠፉ እናት በፌንጣ ደም እየተጠረጠሩ ነው።

ሎጋ ክንዷን ጨበጠቻት። እጇ በረዶ ሆኗል። «ሰማሽ? ድጋሚ ሊቀዱ ነው። ስሚኝ፤ ወላጆቼን አስወጣቸዋለሁ፣ ተረኛው ሲቀየር አንቺ ደግሞ…»

«እና ያው ትንንሾቹ ይወጣሉ። ከዚያስ? አባትሽ ምን ይላሉ?»

«እኔ እንጃ! ቅዳሜ እስኪያልፍ ብቻ! አባቴ ይረሳዋል።»

«ይሄን ማንም አይረሳውም» አለች ፌንጣ። «እናትሽን አልሰማሻቸውም?»

ሎጋ ሰምታለች። ፌንጣ አዘነችላት፤ ከልቧ አዘነችላት። ሳምንት የተለማመዱት ሰርቭ፣ የሰፈሩ ልጆች ሁሉ ሊያዩዋቸው የሚመጡበት ቅዳሜ፣ የቡድኑ ልጆች የሚያሳዩአቸው ፊት፣ ሁሉም በዓይኗ ሄደ። በሎጋ ቦታ የሚሰለፍ ሎጋን የሚያክል ሰው የለም። በእሷም ቦታ ቢሆን።

«እኔ ስላንቺ አንዲት ቃል አልናገርም» አለች ቀስ ብላ። «መድከምሽንም፣ ሌላውንም። የራስሽ ነው፤ አንቺ ትናገሪዋለሽ። ስለ ራሴ ደም ግን እናገራለሁ።»

«ፌንጣዬ…»

«ደሜ ነው፣ ሎጋ። የት እንደገባ ማወቅ አለባቸው።»

ተነሳች። እስከ በሩ ያለው መንገድ እንዲህ ረጅም መሆኑን ከዚህ በፊት ልብ አላለችም። አንኳኳችና ገፋ አደረገችው። ሦስቱም ቀና አሉ። የሎጋ አባት መሬት መሬት ሲያዩ ነበር፤ የሎጋ እናት ቦርሳቸውን ደረታቸው ላይ አቅፈው ፊታቸውን ወደ መስኮቱ አዙረዋል።

«ምነው ልጄ? ወረቀትሽን ነው?» አለች ባለሙያዋ።

«አይደለም» አለች ፌንጣ። «ሁለቱም ደም የእኔ ነው። ጠዋት በኔ ስም፣ ከሰዓት ደግሞ በሎጋ ስም ሰጠሁ። እኛ ዘመዳሞች አይደለንም። ስላይዱንም ሲያሳዩኝ አውቄ ነው ዝም ያልኩት። ይቅርታ ያድርጉልኝ።» ከዚያ ወደ ሎጋ እናት ዞረች። «እርስዎም ይቅር ይበሉኝ፣ እማማ።»

ባለሙያዋ መነፅሯን ከግንባሯ አውርዳ ዓይኗ ላይ አደረገች፤ መልሳ አወለቀችው። «ለነገሩ እኔስ! መንታ ናቸው እያልኩ…» ብላ ጠረጴዛውን መታ አደረገች። «የተለያየ ሰው ደም እንዲህ ገጥሞ አያውቅም ብዬ ራሴ ተናግሬ፣ ራሴው ሳልጠረጥር!» ቁጣው ሊመጣ ነበር፤ ፌንጣም ጭንቅላቷን ደፍታ ጠበቀችው። ግን የመጣው ሌላ ድምፅ ነው።

«አንቺ» አሉ የሎጋ አባት ለባለቤታቸው። «እኔ…»

«አሁን ዝም በል» አሉ የሎጋ እናት። «ቤት ስንገባ እናወራለን። አሁን ልጄ የት አለች?»

ልጃቸው በሩ ላይ ቆማለች። መቼ እንደመጣች ማንም አላያትም። ዓይኖቿ በእንባ ተሞልተዋል፤ ረጅሙ ቁመቷ የሆነ ቦታ የታጠፈ ይመስላል። ማንንም ሳታይ አልፋ ደም መስጫው ወንበር ላይ ተቀመጠች።

«ደረጃ ስወጣ ትንፋሼ ያጥረኛል» አለች ለባለሙያዋ። «በረዶም ያምረኛል። የወር አበባዬም ብዙ ነው። ዋሽቼዎት ነው።»

እናቷ ቦርሳቸውን ወለል ላይ ጥለው አጠገቧ ተንበረከኩ። ባለሙያዋ የምትናገረውን ሁሉ ዋጠችና ጓንቷን አጠለቀች። ሎጋ እጅጌዋን ሰበሰበች። እውነትም መርፌ አትፈራም፤ ሲወጋት ቅንድቧን እንኳ አላንቀሳቀሰችም።

«ነገ ጠዋት ለአሰልጣኙ ማን ይነግራቸዋል?» አለች ዓይኗን ከመርፌው ሳታነሳ።

«አብረን» አለች ፌንጣ፣ ወንበሩ አጠገብ እንደቆመች።

ብልቃጡ ቀስ እያለ ይሞላ ጀመር። ባለሙያዋ ስም ልትጽፍበት ብዕሯን አነሳችና ሎጋን ትክ ብላ አየቻት። «ስምሽን ራስሽ ንገሪኝ።»

ሎጋ ሙሉ ስሟን ተናገረች። ፌንጣ ጎንበስ ብላ የጓደኛዋን ደም ለመጀመሪያ ጊዜ አየችው።